ማንም ያልጾመበት ግብዣ

ወረታ፣ ኅዳር 4 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አድማሴ፤ ድሬዳዋ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ስል ከወባው ማለቴ ነው፤ ከንዴቱስ አልዳንሁም።

ባለፈው ደብዳቤዬ ነገሩን ሳላብራራ “ለእንግዳ የሚሆን ቀላል ድብልቅ መጠጥና በቀላሉ የሚቀመስ ነገር ይጻፉልኝ” ብቻ ብዬ ስላስደነገጥሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። “መጠጥ ጀመረች እንዴ?” ብለው እንዳይጨነቁ።

ለጥያቄዎችዎ በተራ ልመልስ። በረዶ የለም። በወረታ ከተማ የማውቀው ማቀዝቀዣ አንድ ነው፤ እሱም የክሊኒኩ ነው፣ በላምባ ይሠራል፣ ውስጡ ያለውም የሕፃናት ክትባት ነው። ብርጭቆ ዐሥራ አራት አለኝ፤ ስድስቱ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰሉም። ጠረጴዛ አንድ። ወንበር አያስፈልግም ተብሏል። “በሠለጠነው ዓለም ግብዣ ቆሞ ነው” ይላሉ ጓድ ደሳለው። ቤቷን ያከራየችኝ ጠጅ ጣይዋ እታለም ጸሐይነሽ ይህን ስትሰማ “ቆሞ የሚበላ በቅሎ ነው” ብላ ወደ ጋኗ ተመለሰች። እናቴ ታውቃለች ወይ ላሉኝም አታውቅም። አንበሳሜ ቁጭ ብላ “ልጄ የገበሬ ሚስቶች ታስተምራለች” እያለች በምትኮራበት ሰዓት ምን ብዬ ልንገራት?

ነገሩ እንዲህ ነው። በሆም ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ወደዚህ ስመደብ ሥራዬ በወረቀት ተጽፎ ነው የተሰጠኝ። ከፎገራ ሜዳ ገበሬ ማኅበራት ሠላሳ ሴቶች መልምዬ የሩዝ አበሳሰልና የሕፃናት አመጋገብ ላስተምር ነው። ሩዙ ለአገሩ አዲስ ነው። ባል ያበቅለዋል፤ ሚስት ግን ምን እንደምታደርገው አታውቅም። አንዷ ቆልታ አቀረበችውና አማቷ ጥርሳቸውን ሰበሩ። ሌላዋ ለዶሮ በተነችው። ሠላሳዎቹን ሴቶች በእግሬ ዞሬ መለመልሁ። የማሠልጠኛ ቤቱ ግድግዳ ቆሟል፤ የጎደለው ጣሪያው ብቻ ነው። ለእሱም ከክፍለ ሀገሩ ስልሳ ቆርቆሮ ተልኮ መጋዘን ገብቷል። ሲገባ ቆሜ አይቻለሁ።

ታዲያ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ደሳለው ጠርተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

“ጓዲት ጽጌሬዳ፣ የተማርሽው የቤት አያያዝ አይደል?”

“ነው ጓድ።”

“ቤት ያለ እንግዳ ምንድን ነው? ሩዛችንን ሊያዩ ከአውራጃው የሚመጡ ጓዶች አሉ። ያንቺ ቤት ሲሚንቶ ነው። አስተናግጃቸው። ደስ ብሏቸው ከሄዱ የቆርቆሮውን መውጫ በማግስቱ እፈርምልሻለሁ።”

ወይ ነዶ! አራት ዓመት በኩራዝም በሻማም ያጠናሁት አስተናጋጅ ልሆን ኖሯል? አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ሠላሳዎቹ ሴቶች ትዝ አሉኝ፤ “መቼ ነው የምንጀምረው?” ይሉኛል በየገበያው። ለአንድ ቀን አስተናጋጅ ብሆን አልሞትም ብዬ እሺ አልሁ። በባቡር ጣቢያው ቡፌ ሲያስተናግዱ ከኖሩት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው የለኝምና ያሳዩኝ።

እጅዎን እስማለሁ፤
ጽጌሬዳ ገብረ ሐና


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 19 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌ፤

ጉልበቴን ስለጠየቅሽልኝ ተመስገን በይ፤ ሙቀቱ ያስታግሰዋል። ሰላምታዬን ለእታለም ጸሐይነሽ አድርሺልኝ። ስለ በቅሎዋ የተናገረችው እውነቷን ነው። ግን እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመው ለሚጠጡ ሰዎች ቀድቻለሁና ስሚኝ።

በረዶ የለም ብለሽ አታልቅሽ። አዲስ ያልተቀባ እንስራ ፈልጊ፤ ጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍረሽ በእርጥብ አሸዋ ቅበሪውና አፉን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኚው። ማታ የገባ ውኃ ለማግስቱ ጥርስ ያቀዘቅዛል።

ለመጠጡ ሦስት ነገር ይበቃሻል። ከሦስት በላይ ያለው ለጉራ ነው።

አንደኛውን እንዲህ አድርጊው። ጥሩ የፎገራ ማር በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠሽ በንጹሕ ሻሽ አጥልይው። ለሦስት እጅ ብርዝ አንድ እጅ የዳግም አረቄ፣ ላዩ ላይ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ። የብርጭቆውን ከንፈር በሎሚው ልጣጭ አርሰሽ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ የተቀላቀለበት ሳህን ላይ ድፊው። ሰው ሲጠጣው መጀመሪያ ያቃጥለዋል፣ ቀጥሎ ይጣፍጠዋል፣ ከዚያ ስምሽን ይጠይቃል።

ሁለተኛው የጸሐይነሽ ጠጅ ነው፤ አምቦ ውኃ ካገኘሽ ግማሽ በግማሽ አድርጊና አረፋው ሳይጠፋ አቅርቢው። ሦስተኛው ለማይጠጣ ሰው ነው። ዝንጅብል ወቅጠሽ አፍልተሽ ሲቀዘቅዝ ከብርዝና ከሎሚ ጋር ቀላቅይ። የማይጠጣን ሰው ውኃ ሰጥተሽ አታሳፍሪው፤ እሱም ባማረ ብርጭቆ ይያዝ።

የሚቀመሰው ደግሞ በአንድ ጉርሻ የሚያልቅ ይሁን። የኛ ሰው በቀኙ ነው የሚጠጣው፣ በቀኙ ነው የሚበላው። ብርጭቆ በቀኝ ካስያዝሽው በግራው አይጎርስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ብርጭቆ የሚያስቀምጡበት ነገር በየጥጉ አድርጊ፤ የተገለበጠ እንቅብም ቢሆን ነጠላ አልብሰሽ።

አንድ ነገር አደራ። ጣፋጭ መጠጥ ሌባ ነው፤ ሲገባ አይሰማም። ሰው ሳይበላ ሁለተኛውን ብርጭቆ እንዳትቀጂለት። መጀመሪያ ሳህኑ ይዙር፣ ሳህኑ ባዶ ሲሆን ማሰሮው ይከተል።

ማስተናገድን ብዙም አትናቂው። ለሌላው ቀን እንተወው።

አጎትሽ አድማሴ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አድማሴ፤

ጤና ይስጥልኝ። የጻፉልኝ በጊዜው ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ግብዣው ታኅሣሥ 11 ቀን ተካሂዷል። እንግዶቹ መጠጡን ወደውታል። እኔ ደኅና ነኝ። ስለ ቆርቆሮው በአሁኑ ሰዓት የምጽፈው የለኝም።

ደብዳቤዬ በማጠሩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጽጌሬዳ


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ከተጠመቅሽ ጀምሮ አፍሽ ሳይዘጋ አውቅሻለሁ፤ አምስት መስመር ጽፈሽ “ደኅና ነኝ” ስትይ ምን ልበል? ቡፌው ውስጥ የሚጮህ ሰው አያስፈራኝም ነበር። ሒሳቡን ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ የሚወጣው ነው የሚያስፈራኝ።

ሰው አመመው? ሰው ተጣላ? ወይስ መጠኑን አሳስቼ ጻፍሁልሽ? ለሦስት እጅ ብርዝ አንድ እጅ አረቄ ነው ያልሁት። ተገልብጦ ተነቦ ከሆነ ጥፋቱ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። በፖስታ የማይሆን ከሆነ በሰው እጅ ስደጂልኝ።

አድማሴ


ወረታ፣ ጥር 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አድማሴ፤

ይህን ደብዳቤ የያዘው የጭነት መኪና ሹፌሩ አለኸኝ ነው፤ አዲስ አበባ ደርሶ እዚያ ፖስታ ይከተዋል። ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ከዚህ የሚወጣውም የሚገባውም ደብዳቤ በጓድ ደሳለው ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ያን ጊዜ ለዚህ ነው አምስት መስመር የጻፍሁት።

መጠኑን አላሳሳቱም። ብርዙ ሦስት፣ አረቄው አንድ ነው። ሰውም አልታመመም። ያሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ተማርሁ ብዬ የገዛ አገሬን ሰው ሳላውቀው ቀርቼ።

ከግብዣው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጓድ ደሳለው ማኅተም ያለበት ማስታወሻ ላኩልኝ። “ለእንግዶች የሚቀርበው መክሰስ ከኋላቀር ልማድ የጸዳ፣ እንቁላል፣ ሥጋና ቅቤ ያለበት እንዲሆን በጥብቅ አሳስባለሁ” ይላል፤ ግርጌውም “አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!” ነው። ስለ እንቁላል ጽፎ በሞት የሚጨርስ ሰው አይተው ያውቃሉ?

የነቢያት ጾም ነበር። እታለም ጸሐይነሽ የቅቤውን ሽታ ሰምታ መጣች።

“ልጄ፣ ጾም እኮ ነው።”

“እነሱ አይጾሙም እታለም። የፓርቲ ሰዎች ናቸው።”

“ማን ነገረሽ?”

“ማስታወሻው እዚህ ላይ ይላል።”

“እኔ ማስታወሻ ማንበብ አላውቅም። እናቶቻቸውን ነው የማውቀው” አለችኝና ሄደች።

አልሰማኋትም። እኔ ራሴ ኮሌጅ ሳለሁ ጾም ረስቼ ነበርና ሰው ሁሉ እንደኔ መሰለኝ። እንቁላሉን ለሁለት ከፍዬ አስኳሉን ከአዋዜ ጋር ለወስሁት። ሩዙን በቅቤና በኮረሪማ አብስዬ እንደ ለውዝ አድቦልቡዬ ጠበስሁት። ትንንሽ ዳቦ ላይ አይብ፤ ቋንጣውንም አድቅቄ ጠብሼ በእንጨት ሰካሁት። አያ አድማሴ፣ ቢያዩት ይኮሩብኝ ነበር! ብርጭቆ ማስቀመጫውም በየጥጉ እንዳዘዙኝ ነበር።

የተጠሩት ለስምንት ሰዓት ነው። ዐሥራ አንዱም እንግዶች የመጡት ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የባለሥልጣን መዘግየት መሰለኝ። ጾም መፍቻ ሰዓት እየጠበቁ መሆኑ ለኔ ለምሩቋ አልታየኝም!

ሳህኑን አዞርሁ። አንዱ “ምሳዬን አርፍጄ ነው የበላሁት” አለ። ሁለተኛው “ጨጓራዬ” አለ። ሦስተኛው እንቁላሉን አንስቶ፣ ግራና ቀኙን አይቶ፣ “ሐኪም ከልክሎኛል” ብሎ መለሰው። የአውራጃው ኃላፊ ጓድ ደሳለውን ያያል፤ ጓድ ደሳለው የአውራጃውን ኃላፊ ያያል። ማን ይቅደም? ማንም እጾማለሁ አይልም፤ ማንም አይበላም። እጃቸውን ምን ያድርጉት? ብርጭቆው ላይ አሳረፉት። መጠጥ ጾም አይሽርማ! ሳህኑ ካልጎደለ ማሰሮው አይከተል ብለውኝ ነበር። እኔም ለሁለተኛው እንቢ ለማለት ሞከርሁ፤ “ጓዲት፣ እንግዳ በጥም ይሞታል እንዴ?” ብለው ማሰሮውን ራሳቸው ከእጄ ወሰዱት። ባዶ ሆድ ላይ ማርና አረቄ! ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ የአውራጃው ኃላፊ የጓድ ደሳለውን ትከሻ አቅፈው በዜማ ያወሩ ጀመር።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ስሰማ ኖሬ ነበር። ያን ቀን አየሁት። የአውራጃው ኃላፊ “ይቺ ልጅ ምን ይደረግላት?” ብለው ጠየቁ። ጓድ ደሳለው እየሳቁ ምን አሉ መሰለዎ?

“ቆርቆሮ ቆርቆሮ ትላለች! ቆርቆሮው አይደል እንዴ ክበባችን ላይ ያለው? ከጥቅምት ጀምሮ! ግድግዳ ለሴቶቹ፣ ጣሪያ ለኛ! ተካፈልን እኮ!”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ሳህን ይዤ መካከላቸው ቆሜያለሁ። የሠራተኞች ክበብ የሚሉት መጠጥ ቤታቸው ነው፤ መንገድ ዳር በአዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ በየቀኑ አልፈዋለሁ። እና መውጫውን እፈርምልሻለሁ ብለው ቃል ሲገቡልኝ ቆርቆሮው መጋዘን አልነበረም! ጣሪያ ላይ ሆኖ ይታየኝ ነበር!

የምነግርዎ ገና አላለቀም። የአውራጃው ኃላፊ ሲወጡ ስሜን ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ስለ ማሠልጠኛው የሚያስቡ መስሎኝ ፊደሉን ሳይቀር ቆጠርሁላቸው። ከትናንት በስቲያ ደብዳቤ መጣ። ከመጋቢት አንድ ጀምሮ “ባሳየችው የመስተንግዶ ችሎታ” በአውራጃው ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ኃላፊ ሆኜ እንድዛወር ተወስኗል። እድገት ነው አሉ። ሠላሳዎቹ ሴቶችስ? “ሌላ ባለሙያ ሲገኝ” ይላል።

ምክር አልጠይቅዎም። ልነግርዎ ብቻ ነው።

ጽጌሬዳ


ድሬዳዋ፣ ጥር 27 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌ፤

ይህን በአለኸኝ እጅ ልኬዋለሁ። ምክር አልጠይቅም ያልሽውን አይቻለሁ። ሽማግሌ ሳይጠየቅ ነው የሚመክረው።

ሂጂ። አውራጃው ከተማ መብራት አለ፤ ማቀዝቀዣ ይኖራል፤ የራስሽ ቢሮ ይኖርሻል። ከሰከረ ሹም ጋር የተጣላ ሰው ሲነጋ የሚቀረው ጥሉ ብቻ ነው። ሰውየው የተናገረውን አያስታውስም፤ ያስታወሰ ለታ ደግሞ ይብስብሻል። እናትሽ ሌላ ልጅ የላትም።

አሁን ደግሞ ለሌላ ቀን ያልሁትን ልናገር። በደብዳቤዎችሽ ውስጥ “አስተናጋጅ” የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የጻፍሽበትን አይቼ ወረቀቱን አጠፍሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ቡፌው ውስጥ “አንተ!” ተብዬ ነው የተጠራሁ። ስሜን ያወቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጣሊያን ነበር። በዚያ ሥራ እናትሽን ዳርሁ፣ ያንቺን ደብተር ገዛሁ። ሰው ሲጠማ ማጠጣት ውርደት አይደለም። ይህን እንድታውቂ ብቻ ነው።

ተቆጥቼ አይደለም የጻፍሁት። ትንሽ ተቆጥቼ ነው።

አድማሴ


ወረታ፣ የካቲት 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አድማሴ፤ በአለኸኝ እጅ

እግርዎ ሥር ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ድሬዳዋ ራቀብኝ። ደብተሬን በምን እንደገዙት እያወቅሁ ያን ቃል እንዲያ መጻፌ ድፍረት ነው።

ግን ልናገር። እርስዎ ለተጠማ ሰው ቀዱ። የባቡር መንገደኛ ከፍሎ ጠጣ፣ ጠጥቶ ሄደ፤ ማንንም አልዘረፈበትም። እኔ የቀዳሁት ግን የሠላሳ ሴቶችን ጣሪያ ገፍፎ ለራሱ ለለበሰ ሰው ነው። ያቃጠለኝ ማስተናገዱ አይደለም፤ ማንን እንደማስተናግድ አለማወቄ ነው። አልሄድም! ለዝውውሩ ደብዳቤ “ላልተማርሁበት ሥራ አልዛወርም” ብዬ መልስ ጽፌያለሁ። አልተቀበሉትም። ጓድ ደሳለው “እድገት እምቢ ያለ ሰው በአብዮት ታሪክ የመጀመሪያዋ ነሽ” አሉኝ። የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው።

“ሴቶቹ ምን አሉ?” ቢሉኝ፣ ነገርኋቸው። መደበቅ አልቻልሁም። የደብራችን ቄስ ባለቤት ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከሠላሳዎቹ አንዷ ናት። ሰምታኝ “እና አንቺ ምግቡን ለብቻሽ ነው የሠራሽው? እኛ ሠላሳ ሆነን?” አለችኝ። የተቆጣችው በቆርቆሮው ይመስልዎታል? ሳልጠራቸው በመቅረቴ ነው። “ብትጠሪኝ ኖሮ እኮ ጾም ነው ብዬ እነግርሽ ነበር። ከእንግዶቹ ሰባቱ የባለቤቴ የንስሐ ልጆች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ።”

አሁን ሌላ ግብዣ ታዟል፤ የካቲት 28 ቀን። የሚመጡት ከጎንደር፣ ከክፍለ ሀገሩ ናቸው፤ ቆርቆሮውን የላኩት ራሳቸው። አርባ ሰው። ቤቴ አይበቃም አልሁ። ጓድ ደሳለው አስበው አስበው “ክበቡ ይሁን” አሉ። ሴቶቹ ያግዙኝ ብዬ ጠየቅሁ፤ “ጀርባ በኩል ይግቡ” ተብሎ ተፈቀደ። ዐቢይ ጾም ነው፤ ማስታወሻ ግን በዚህ ጊዜ አልተጻፈም። የታኅሣሡ ረሀብ ለካ አልተረሳቸውም።

ስለዚህ ምክር ልጠይቅዎ፤ አሁን ለእውነት ነው። አረቄ የለበትም። የዝንጅብሉን ብርዝ ለአርባ ሰው እንዴት ላድርገው? ሲቆይ እንዳይኮመጥጥ መቼ ልበጥብጠው? መልስዎ ባይደርስልኝ እንኳ ጠይቄዎ ልሥራው ብዬ ነው።

ልጅዎ ጽጌሬዳ


ወረታ፣ መጋቢት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ አድማሴ፤

ቴሌግራምዎ በዋዜማው ደረሰኝ። “ጧት በጥብጪ። ሎሚ መጨረሻ። በርቺ። አድማሴ።” የቴሌው ሰው የምሥጢር ቃል መስሎት ሁለት ጊዜ አንብቦ ነው የሰጠኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

“ሥራሽን ተቀማሽ ወይ?” ቢሉኝ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ፤ ታግሰው ያንብቡ።

ሴቶቹ ጎህ ሳይቀድ ነው ድስታቸውን ተሸክመው የመጡት። በጀርባ ሳይሆን በፊት ለፊት በር ገቡ፤ “ጀርባ በኩል ጭቃ ነው” አሉ። በየካቲት ምን ጭቃ አለ? ሩዙን በኑግ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት አብስለው አድቦለቦሉት። የሽምብራውን ዱቄት ለውሰው ትንንሽ ዓሣ አበጁለት፤ ዓይንና ክንፍ አውጥተው ጠብሰው በስናፍጭ አቀረቡት። አንድ ጉርሻ፣ አያ አድማሴ፣ ልክ እንዳሉኝ! ስልጆውን በትንንሽ የሸክላ ጻሕል። ብርዙ ቀዝቅዟል፤ ሁለት እንስራ ቀብረናል።

እንግዶቹ ዘጠኝ ተኩል ላይ ገቡ። ወለተ ሚካኤል ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳ መካከል ቆመችና “ሁሉም የጾም ነው፤ ልብ ብላችሁ ብሉ” አለች ጮክ ብላ። አንድ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ከዚያማ ምን ልበልዎ! አርባ ሰው እንደ አንበጣ ነው የወረደበት። ሐኪም እንቁላል የከለከለው ሰውዬ ዐሥራ ስድስት የሽምብራ ዓሣ በላ፤ ማረው የምትባል አንዲት ሴት ቆጥራበታለች።

ከጎንደር የመጡት ትልቁ ኃላፊ ስናፍጩ ዓይናቸውን አስለቅሷቸው እየሳቁ ወለተ ሚካኤልን ጠየቋት።

“እናቴ፣ ሩዝን እንዲህ ማድረግ የት ተማራችሁ?”

“እዚሁ ነዋ ጌታዬ። በማሠልጠኛችን።” ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች። “ስልሳውን ቆርቆሮ እናንተ አይደላችሁ የሰደዳችሁልን? ያኑርልን።”

ይህን እኔ አልመከርኋትም። በቤተ ክርስቲያን ስም እምላለሁ።

ኃላፊው ጣሪያውን አዩ። ቆጠሩት መሰለኝ። ወደ ጓድ ደሳለው ዞሩ።

“ማሠልጠኛው ይህ ነው?”

ጓድ ደሳለው የአውራጃውን ኃላፊ አዩ። የአውራጃው ኃላፊ ያስላቸው ጀመር። ቆርቆሮው ማሠልጠኛው ላይ ተመትቷል ብለው ሁለቱም በሪፖርት ጽፈው ልከው ኖሯል። አይደለም ቢሉ ቆርቆሮው የት ገባ ሊባል ነው።

“አ... አዎን ጓድ። ይኸው ነው።”

“ታዲያ መደርደሪያው ላይ ያለው ጠርሙስ ምን ይሠራል?”

“ለ... ለትምህርት መርጃ ነው ጓድ።”

“እሱ ጋ ገና አልደረስንም” አለች ወለተ ሚካኤል።

ሰው ሁሉ ሳቀ። በታኅሣሥ በሳቁበት ሳቅ አይደለም። ኃላፊው ግን አልሳቁም። “አሠልጣኟ ማን ናት?” አሉ። እኔ ነኝ ስል፣ የአውራጃው ኃላፊ ሳላቸውን አቋርጠው “እሷ ወደ እንግዳ ማረፊያ ተዛውራለች” አሉ። የጎንደሩ ኃላፊ “ማሠልጠኛ ያለ አሠልጣኝ?” ብለው እዚያው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ትናንት ዝውውሩ መሻሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ቦታዬ ላይ ነኝ።

ደስ አላለሽም ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። እናቴም ከአንበሳሜ እልልታዋን ልካለች፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። ሴቶቹ ዛሬ ሐሙስ የመጀመሪያውን ትምህርት ተምረው ወጡ፤ ሠላሳ ብዬ መልምዬ ሠላሳ አራት መጡ። የማረው አማት ሳይቀሩ በዱላ መጥተው ነበር፤ “ጥርሴን የሰበረውን ሩዝ ልየው” ብለው።

ግን አልተደሰትሁም። ምን እንደተባለ ልንገርዎ። ኃላፊው ከሄዱ በኋላ ጓድ ደሳለው ጠሩኝና “ሰኞና ሐሙስ ያንቺ ነው፤ ሌላው ቀን የክበቡ ነው፤ ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል” አሉኝ። ተካፈልን እኮ አሉ ዳግመኛ! እኔም ሰኞ ጧት በራቸውን እያንኳኳሁ ቁልፍ እለምናለሁ። ሴቶቹ ሲገቡ የትናንቱን ጠላና የሲጋራ ቁራጭ ነው መጀመሪያ የሚጠርጉት። በገዛ ቆርቆሯችን ሥር በሳምንት ሁለት ቀን እንግዶች ነን፣ አያ አድማሴ!

ዛሬ ወለተ ሚካኤል ስትወጣ ድስቷን አልወሰደችም። ትልቁን ድስት፣ ከነ ክዳኑ፣ ጠርሙሱ ከተደረደረበት መደርደሪያ ሥር አስቀመጠችው። “ወለተ ሚካኤል፣ ነገ እኮ የነሱ ቀን ነው” አልኋት። “አውቃለሁ” አለች። ሌሎቹም አይተዋት አንድ በአንድ የየራሳቸውን አስቀመጡ። ሠላሳ አራት ድስት። ነገ ማታ ለመጠጥ የሚመጣ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም።

ጓድ ደሳለው ቢጠሩኝ ምን እንደምል እያሰብሁ ነው። እስካሁን ያገኘሁት “ዕቃውን የሚያሳድር እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው” የሚል ነው። የተሻለ ካለዎ በቶሎ ይጻፉልኝ፤ በአለኸኝ እጅ ሳይሆን በፖስታ። እነ ጓድ ደሳለው ያንብቡት።

ልጅዎ ጽጌሬዳ ገብረ ሐና
የወረታ ሴቶች ማሠልጠኛ